ሞርሳ ላይ የሚበላሽ ሥራ፦ በሚሊንግ ማሽን ስኩዌር ስናወጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ ደህና ቶርኖ ቤት ሥራ አያጣም። የፋብሪካ ማሽን ይሰበራል። የወፍጮ ቤት ዘንግ ይበላል። በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው ከባድ መኪናም መለዋወጫ ይፈልጋል። ደሴም ያው ነው። ዕቃው ገበያ ላይ ከጠፋ ወይም ዋጋው የማይቀመስ ከሆነ ከድፍን ብረት ተቆርጦ ይሠራል። ሚሊንግ ማሽን (በሚዞር መቁረጫ፣ ማለትም በከተር፣ ብረት የሚልግ ማሽን) ላይ የሚወጣው ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጅማሬ አለው፦ በመጋዝ ወይም በጋዝ የተቆረጠውን ጎርባጣ ብረት ስድስቱንም ፊት ማስተካከል፣ ማዕዘኑንም 90 ዲግሪ ማድረግ።

ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ቀዳዳው ዘመም ያለ፣ ኩሽኔታው በአንድ ጎኑ የሚበላ፣ ሁለት ቁራጭ ሲገጣጠም ብርሃን የሚያሳልፍ ሥራ ሁሉ ወደ ኋላ ቢመረመር መነሻው ብዙውን ጊዜ እዚሁ ነው። ሰው ግን ማሽኑን ይወቅሳል። «አርጅቷል፣ ልቅ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብረቱን ጨምቆ የሚይዘውን ሞርሳ የሚያውቅ ሰው እጅ ከገባ ያረጀ ማሽንም ጥሩ ስኩዌር ያወጣል።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር። ሞርሳ ሁለት መንጋጋ አለው። አንዱ ከአካሉ ጋር የተያያዘ፣ የማይንቀሳቀስ ነው። ሌላው እጀታው ሲዞር እየተገፋ የሚመጣ ነው። የሚታመነው የማይንቀሳቀሰው ብቻ ነው። የሚገፋው መንጋጋ ለመንቀሳቀስ የግድ ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሲጠብቅ ትንሽ ይነሳል፣ ትንሽ ያዘነብላል። የእሱ ሥራ መግፋት ነው፤ ልክ ማስያዝ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ሞርሳውን በዓይን አሰልፎ ማሰር

ሞርሳው ጠረጴዛው ላይ ይወጣል፣ በዓይን ይስተካከላል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ሥራ ይጀመራል። ብዙ ቦታ የማየው ይህንን ነው።

መጀመሪያ የሞርሳው ሥርና ጠረጴዛው መጽዳት አለባቸው። ቀጥሎ አንዱን ብሎን ጠበቅ፣ ሌላውን ለቀቅ አድርጉ። ዳያል ኢንዲኬተሩን (የጥቃቅን ልዩነት መለኪያውን) ከማሽኑ ራስ ጋር እሰሩና መርፌውን የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ አስነኩ። አሁን ጠረጴዛውን ከግራ ወደ ቀኝ ንዱ። ቁጥሩ ከተለወጠ ሞርሳውን በላስቲክ መዶሻ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ልዩነቱን አጥፉ። ከዚያ ሁለቱንም ብሎን አጥብቁና እንደገና ለኩ፤ ማጥበቁ ራሱ ሞርሳውን ያንቀሳቅሰዋልና። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልዩነቱ ከ0.02 ሚሊ ካልበለጠ ለአብዛኛው የመለዋወጫ ሥራ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛ ልኬት አለ። ጠረጴዛውን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጋችሁ መርፌውን በዚያው መንጋጋ ቁመት ላይ አስኪዱት። የላይ ፊት ስትልጉ ማዕዘኑን የሚወስነው ይህ የቁመት ልክ ነው። የግራና ቀኙ ልክ የሚያስፈልገው ጫፍ ስትቆርጡ ወይም ቦይ ስታወጡ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንዱን ለክቶ ሌላውን የተወ ሰው ቦዩ ቀጥ ብሎለት ማዕዘኑ ጠማማ ሲሆንበት ግራ ይገባዋል።

ፍቅፋቂውንና ስለቱን ሳያነሱ ማሰር

ተራ የቢሮ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ አካባቢ ነው። ያን ያህል የምትወፍር አንዲት ፍቅፋቂ 50 ሚሊ ስፋት ባለው ብረት በአንድ ጠርዝ ሥር ብትገባ፣ የተላገው ፊት በአንድ ጎን 0.1 ሚሊ ይወፍራል። ይህ እንግዲህ ለአንድ ፊት ነው። ያንን ፊት መነሻ አድርጋችሁ ቀጣዩን ስትልጉ ጥፋቱ ይወራረሳል።

ስለዚህ ብረት በወጣ ቁጥር መንጋጋውንና መቀመጫውን በብሩሽ ጥረጉ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ። ማሽኑ ቆሞ እያለ በጣት ጫፍ መዳሰስ ደግሞ ዓይን የማያየውን ያሳያል። የኮምፕረሰር አየር ግን ተዉት። ፍቅፋቂውን ወደ ማሽኑ መንሸራተቻ ያስገባዋል፣ ወደ ዓይንም ይልከዋል።

ከተሩ በወጣበት ጠርዝ ላይ የሚቀረው ቀጭን ስለትም ያው ፍቅፋቂ ነው። እያንዳንዱን ፊት ከላጋችሁ በኋላ፣ ብረቱን ከማገላበጣችሁ በፊት፣ ጠርዙን በሞረድ አንድ ሁለቴ አሹት። ያን ያህል ሰዓት አይወስድም።

ሻካራ ብረት በሁለት ጠፍጣፋ መንጋጋ መሃል ጨምቆ ስኩዌር መጠበቅ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ የጠቅላላው ሥራ እምብርት ይህ ነው።

በጋዝ የተቆረጠ ብረት አስቡ። አንዱን ሰፊ ፊቱን ላጋችሁ፣ ለጥ አለ። አሁን ያንን ፊት ከማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ጋር አስጠጋችሁ። ከወዲያ ማዶ ግን ገና ያልተላገ፣ ጎርባጣ ፊት አለ። የሚገፋው መንጋጋ ያንን ጎርባጣ ፊት ሲገፋ በራሱ ልክ ሊያስቀምጠው ይታገላል። ሻካራው ፊት ዘመም ካለ ብረቱ ይዞራል። ለጥ ያለው ፊታችሁ ከማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ ከላይ ወይም ከታች ይላቀቃል። ክፍተቱ በዓይን አይታይም። ልጋችሁ ስታወጡት ግን የ90 ዲግሪ መለኪያው ስኳድራ ያሳብቃል።

መፍትሔው አንድ አጭር ድቡልቡል ብረት ነው። ከ10 እስከ 12 ሚሊ የሚወፍር የአሉሚኒየም፣ የናስ ወይም የለስላሳ ብረት ዘንግ ይበቃል። በሚገፋው መንጋጋና በሻካራው ፊት መሃል አጋድማችሁ ታስገቡታላችሁ። ከፍታው ብረቱ ከማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ጋር ከሚነካካበት ቁመት መሃል አካባቢ ይሁን። ድቡልቡሉ የሚነካው በአንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ብረቱን የማዞር አቅም የለውም። የሚችለው ለጥ ያለውን ፊት ከማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ጋር ማጣበቅ ብቻ ነው። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰፊውን ፊት ልጉ፤ አንደኛ ፊት እንበለው። ይህ ፊት ከዚህ በኋላ የሁሉም መነሻ ነው። ቀጥሎ አንደኛውን ፊት ከማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ጋር አስጠጉ፣ ከወዲያ ድቡልቡሉን አስገቡ፣ ላይ የቀረውን ልጉ። ሁለተኛው ፊት ወጣ። ለሦስተኛው፣ አንደኛው ፊት እዚያው የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ታች ዞሮ ፓራለል (ከሥር የሚደረግ እኩል ቁመት ያለው ጥንድ ብረት) ላይ ይቀመጣል። ድቡልቡሉ አሁንም አለ፤ አንደኛውን ፊት የሚመለከተው ጎን ገና ሻካራ ነውና። አራተኛው ላይ አንደኛው ፊት ወደ ታች ወርዶ ፓራለል ላይ ይተኛል። መንጋጋዎቹ የሚይዙት የተላጉትን ሁለተኛና ሦስተኛ ፊቶች ስለሆነ ድቡልቡሉ አያስፈልግም።

የቀሩት ሁለት ጫፎች ናቸው። ብረቱ አጭር ከሆነ በቁሙ አስገቡት። ከሞርሳው መቀመጫ ጋር ስኳድራ አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጉትና አንዱን ጫፍ ልጉ። ከዚያ ገልብጡና ያንን ጫፍ አስቀምጣችሁ ሌላውን ልጉ። ረጅም ከሆነ አጋድማችሁ ከሞርሳው ጎን ጫፉን አውጡና በከተሩ ጎን ቁረጡ። ቅድም በኢንዲኬተር ያሰለፋችሁት የግራና ቀኝ ልክ ዋጋው እዚህ ላይ ይገለጣል።

ስድስቱን ፊት በመሰላችሁ ቅደም ተከተል ከላጋችሁ አንዳንዴ ይሳካል። አንዳንዴ ግን አይሳካም፤ ያኔ ለምን እንደተበላሸ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም።

መዶሻ መትቶ «ተቀምጧል» ማለት

ፓራለል የምንላቸው እኩል ቁመት ያላቸውን፣ ጠንካራና ልሙጥ ጥንድ ብረቶች ነው። ብረቱን ከፍ አድርገው ይይዙታል። ብረቱ በትክክል ካልተቀመጠባቸው ግን ጥቅም የላቸውም።

የተለመደው ስህተት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በብረት መዶሻ በኃይል መምታት ነው። ብረቱ ይነጥርና ተመልሶ ተነስቶ ይቀራል፤ ፊቱም ይጎደጉዳል። የላስቲክ፣ የእርሳስ ወይም የነሐስ መዶሻ ይሻላል። ምቱ ጠንካራ መሆን የለበትም፤ አንድ ደህና ጠብታ ይበቃል። ሁለተኛው ደግሞ ከመቱ በኋላ እጀታውን እንደገና ማጥበቅ ነው። ሲጠብቅ የሚገፋው መንጋጋ ይነሳል፣ ብረቱንም ይዞት ይነሳል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማጥበቅ፣ ቀጥሎ መምታት ነው። እዚያ ላይ ማቆም።

መቀመጡን የማረጋገጫው ዘዴ ምንም ወጪ የለውም። በእያንዳንዱ ፓራለል ላይ በሁለቱም ጫፍ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አድርጉ። ብረቱን አስቀምጡ፣ አጥብቁ፣ ምቱ። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳቡ።

አንድ ልማደኛ ባለሙያ ለማጅ ልጅ ሲያሳይ እንዲህ ነበር የሆነው፦

«ጋሼ፣ ጨርሻለሁ። ጥብቅ ነው።»

«እስኪ ወረቀቱን ሳበው።»

ሦስቱ አልንቀሳቀስ አሉ፣ አንዱም ጥግ ላይ ተቀደደ። አራተኛው ሹልክ ብሎ ወጣ።

«አብሽር። ፍታው፣ ከዚያኛው ጥግ ሥር እየው።»

ልጁ ፈትቶ ሲያይ ጠርዙ ላይ ጥፍር የምትይዝ ስለት ነበረች። በሞረድ አነሳት፣ ጠረገ፣ እንደገና አሰረ። አራቱም ወረቀት ተያዘ። ልጁ ከዚያ በኋላ ወረቀት ከኪሱ አይለይም።

በሞርሳው አንድ ጫፍ ላይ ማሰር

ትንሽ ብረት በሞርሳው ግራ ጫፍ ተይዞ ቀኙ ባዶ ከሆነ የሚገፋው መንጋጋ በአግድም ይጠመዘዛል። ባዶው ጫፍ ይዘጋል፣ ብረቱ ያለበት ይከፈታል። ብረቱ የሚያዘው በአንድ ጠርዙ ብቻ ይሆናል፤ ከተሩ ሲነካው ይፈናጠራል። ብረቱን ወደ መሃል አምጡት። የግድ ጫፍ ላይ መሆን ካለበት በሌላው ጫፍ ያንኑ ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ አስገቡ። በቃ።

እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማጥበቅ

«አይላቀቅብኝ» ብሎ ቧንቧ የሚሰካ ሰው አውቃለሁ። የእጀታው ርዝመት በምክንያት የተለካ ነው። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ መንጋጋው ወደ ውጭ ይለጠጣል፣ የእጀታው ብሎን ጥርስ ያረጃል፣ የሞርሳው አካልም ሊሰነጠቅ ይችላል። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ራሱ ካጎነበሰ ደግሞ የምንታመንበት ነገር ጠፋ ማለት ነው።

ጉዳቱ በደንብ የሚታየው በስስ ብረት ላይ ነው። አንድ ስስ የአሉሚኒየም ዝርግ ከሁለት ጎን አጥብቃችሁ ብትጨምቁት መሃሉ ወደ ላይ ይቀስታል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አይታይም። ከተሩ ግን ከፍ ያለውን መሃል አብዝቶ ይበላዋል። እዚያው ሞርሳ ላይ እያለ ኢንዲኬተር ብታስኬዱበት ለጥ ያለ ነው። ስትፈቱት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለስና መሃሉ ጎድጓዳ ይሆናል። ስንቱ ሰው ይህን አይቶ ማሽኑን ረግሟል!

መፍትሔው ሥራውን ሁለት ጊዜ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ ብዙውን አንሱ፤ ለመጨረሻው 0.2 ሚሊ ያህል አስቀሩ። ከዚያ ሞርሳውን ሙሉ በሙሉ ፍቱ። ብረቱ ይተንፍስ። ቀለል አድርጋችሁ እንደገና እሰሩና የቀረችውን በቀስታ ልጉ። በሁለቱም በኩል እያገላበጡ እኩል እኩል ማንሳትም ይረዳል። በተለይ በቀዝቃዛ የተሳበ ብረት ውስጡ ታምቆ የቀረ ኃይል አለው። አንዱን ፊት ብቻ አብዝታችሁ ካነሳችሁለት ማንም ሳይጨምቀው በራሱ ይቆለመማል።

ብረቱን ከሞርሳው በላይ አብዝቶ ማውጣት

መንጋጋው 5 ሚሊ ብቻ ይዞት 40 ሚሊ ከላይ የወጣ ብረት ከተሩ ሲገፋው ይንቀጠቀጣል። ፊቱ ሞገድ ሞገድ ይላል። ከፍ ሲል ደግሞ ነቅሎ ይወጣል፤ ከተሩ ይሰበራል፣ ሰውም ይጎዳል። የምትልጉት ብቻ ይውጣ፣ የቀረው ውስጥ ይሁን። በሁለት ፓራለል ማስተካከል ይቻላል። በከተር ጎን አብዝታችሁ የምትቆርጡ ከሆነ የግፊቱ አቅጣጫ ወደ ማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ይሁን።

ዘንግን እንደ ጠፍጣፋ ብረት ማሰር

የወፍጮ ዘንግ ወይም የፑሊ ዘንግ ላይ ኪይ ዌይ (ዘንጉንና ፑሊውን የሚያያይዘው ኪይ የሚገባበትን ቦይ) ማውጣት እዚህ አገር ዕለታዊ ሥራ ነው። ድቡልቡል ነገር በሁለት ጠፍጣፋ መንጋጋ ሲያዝ እያንዳንዱን መንጋጋ የሚነካው በአንድ መስመር ብቻ ነው። በቀላሉ ይሽከረከራል። የዘንጉ እምብርት ከመንጋጋው ጫፍ በላይ ከሆነማ ማጥበቁ ራሱ ወደ ላይ ያስወጣዋል።

ቪ ብሎክ ተጠቀሙ። በአንድ በኩል ዘንጉ ከማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ጋር ይጠጋል፤ ከሌላው በኩል ቪ ቅርጽ ያለው ብሎክ ይገፋዋል። አሁን የሚነካበት መስመር ሦስት ሆነ፣ አይሽከረከርም። ረጅም ዘንግ ከሞርሳው ውጭ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ ከሥሩ ትንሽ ክሪክ ወይም ልኩ የሆነ ድጋፍ አስገቡለት። ድጋፉ ግን ዘንጉን እንዳያነሳው፤ እስኪነካ ድረስ ብቻ።

ልኩንም ልብ በሉ። በተለመደው የአውሮፓ ልክ 40 ሚሊ ዘንግ 12 በ8 ኪይ ይወስዳል፣ ዘንጉ ላይ የሚቆፈረውም 5 ሚሊ ነው። አንድ ዘንግ ላይ ሁለት ኪይ ዌይ በአንድ መስመር ከተፈለገ በመሃል ዘንጉን አትፍቱ። ከፈታችሁት መጀመሪያ ባወጣችሁት ቦይ ውስጥ ኪዩን አስገቡና በኢንዲኬተር ወደ ቦታው መልሱት። ሁለተኛው ቦይ ትንሽ ዞር ካለ ፑሊው አይገባም። ባለ ወፍጮው ደግሞ ሥራ ቆሞበት ነው የሚጠብቀው።

ትኩስ ብረት ለክቶ መወሰን

100 ሚሊ ርዝመት ያለው ብረት በ30 ዲግሪ ሙቀት ቢጨምር 0.036 ሚሊ ያህል ይረዝማል። አሉሚኒየም ከሞላ ጎደል ሁለት እጥፉን። ከተሩ ሲበላ ብረቱ ይሞቃል። ስለዚህ የመጨረሻውን ልክ ሳይቀዘቅዝ አትውሰዱ። ከተሩ እየዞረ ካሊፐር ማስጠጋት ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ጓንትም አውልቁ፤ ከተሩ ጨርቁን ከያዘ እጁን አይለቅም።

ማዕዘኑን ስትፈትሹ ስኳድራውን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ። ስኩዌር ካልሆነ ሞርሳውን ከመንቀል በፊት ወረቀት ሞክሩ። በሁለተኛው ፊትና በአንደኛው ፊት መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ከበለጠ ወረቀቱን በማይንቀሳቀሰው መንጋጋና በብረቱ መሃል ከታች በኩል አስገቡ። ካነሰ ከላይ በኩል። እንደገና ትንሽ አንሱና እዩ። ይህ ግን ጊዜያዊ ነው። በየቀኑ ወረቀት የሚፈልግ ሞርሳ መንጋጋው መፈተሽ አለበት፤ ከመንጋጋው ጀርባ ፍቅፋቂ ገብቶ ይሆናል። ብሎኖቹን ፈትታችሁ ጠርጉት።

መብራት ሲሄድና ክረምት ሲገባ ሞርሳውን መርሳት

መብራት በሥራ መሃል ሲጠፋ ከተሩ ብረቱ ውስጥ እንደተነከሰ ይቆማል። ብዙ ሰው እንደዚያው ትቶት ወጥቶ ሻይ ይጠጣል። መብራቱ ድንገት ሲመለስና ማሽኑ ሲነሳ ከተሩ ብረቱን ይጎትተዋል። መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ። ከዚያ ጠረጴዛውን በእጅ ወደ ኋላ መልሳችሁ ከተሩን ከብረቱ አላቁ። እንደገና ስትጀምሩ ብረቱ ከቦታው አለመንቀሳቀሱን በኢንዲኬተር አረጋግጡ።

ደሴ ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ይህን ያህል አይቸገርም። በደሴ ግን ማታ ሳይቀባ ያደረ መንጋጋ ጠዋት ቀይ ብናኝ ይዞ ይገኛል። ዝገት ደግሞ ከፍታ አለው፤ ፓራለል ላይ ሲሆን በተለይ። ማታ ሥራ ሲያበቃ መንጋጋውን፣ መቀመጫውንና ፓራለሎቹን ጠርጋችሁ በዘይት የራሰ ጨርቅ አስነኩ። ጠዋት ከማሰራችሁ በፊት ደግሞ ያንን ዘይት በደረቅ ጨርቅ አንሱት፤ ዘይት ያለበት መንጋጋ ብረቱን ያንሸራትታል።